መርዶና መድኃኒት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። እናቴ ይህን ተረት ትወደዋለች። ጎረቤት ስትመክር፣ አባቴ የጨጓራ ሕመሙን ሲሸሽግ፣ የቤት ሠራተኛችን ሌሊቱን ስትስል አድራ ጧት «ምንም አልሆንሁም» ስትል፣ ተረቱ ከአፏ አይጠፋም ነበር። ዘግይቶ የገባኝ ነገር ቢኖር ተረቱ የሚወቅሰው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ነው፤ የራሱን ሕመም ከሌላው የሚደብቀውን በሽተኛ። ሕመሙን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ እያወቀው ከባለቤቱ ብቻ የተደበቀ ሲሆንስ? ለዚህኛው ተረት ያለን አይመስለኝም። ምናልባት ነውር ሆኖ ስለማይታየን ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የምፈልገው ጥያቄ ይኸው ነው። በአንድ ሰው ገላ ውስጥ ያለ ሕመም፣ ስሙ የማን ነው? ከፍቅር ተነሥቶም ቢሆን ያን ስም ከታማሚው መደበቅ ደግነት ነው ወይስ ቅሚያ? ጥያቄውን ከፍልስፍና መጽሐፍ አላገኘሁትም። የሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቼ ነው ያገኘሁት።

*

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው። የሠላሳ አንድ ዓመት ሴት ነበርሁ። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘን ነበር፤ እርግዝናዬም የመጀመሪያዬ ነበር። በሦስተኛው ወር ደም ፈሰሰኝ። በአልትራሳውንድ የታየው ግን ልጅ አልነበረም። ሐኪሞች ሞላር እርግዝና ይሉታል። ፅንሱ በወጉ ሳይሠራ የእንግዴ ልጁ ሥጋ ብቻ ያለ ልክ እየበዛ፣ ውኃ በቋጠሩ ትናንሽ ፍሬዎች ማህፀንን እንደ ወይን ዘለላ የሚሞላበት ሁኔታ ነው። ማህፀኔ ተጠረገ። ወደ ቤት ተመለስሁ። ከዚያ በኋላ በደሜ ውስጥ ያለው የእርግዝና ሆርሞን እየወረደ ሄዶ መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም፤ ጭራሽ ጨመረ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የሽንት መመርመሪያ እንኳ በእኔ ላይ ቢሞከር «አርግዘሻል» ይል ነበር። የቀረው ሥጋ ወደ ካንሰር ተለውጦ፣ በደም ተጉዞ ሳንባዬ ላይ አርፎ ኖሯል።

ይህን ዛሬ በደህና ቋንቋ እጽፈዋለሁ እንጂ ያን ጊዜ ከዚህ ሁሉ የማውቀው አንድም ነገር አልነበረም። ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ ሲጠራን «አንቺ እስቲ ለትንሽ ጊዜ ውጭ ጠብቂን» አለኝ። ባለቤቴና ታላቅ ወንድሜ ገቡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ሲወጡ ባለቤቴ ፈገግ ለማለት ሲታገል አየሁት። ወንድሜ ትከሻዬን ይዞ «ማህፀንሽ ውስጥ ቅሪት አለ አሉ። ጠንከር ያለ መድኃኒት በግሉኮስ ይሰጡሻል፤ ያጥበዋል» አለኝ። አመንሁት። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ለምን አላምነውም?

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ባለቤቴና ወንድሜም እንደዚያው። ሐኪሙ እንደ ብዙ ባልደረቦቹ ለቤተሰብ መንገር ጨዋነት መስሎት ነገረ፤ እነሱም ለእኔ ሲያስቡ ደበቁ። ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ ለመፍረድ ይቀለኝ ነበር፤ ለመጻፍም ባልደከምሁ።

የመጀመሪያውን ዙር ወሰድሁ። አምስት ዓይነት መድኃኒት ነው፤ ሦስቱ በአንዱ ሳምንት፣ ሁለቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይሰጣሉ። ከአልጋ ወርጄ ቤት ስገባ የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ከግቢ በር መለሰኝ። አፌ ውስጥ የሳንቲም ጣዕም ነበረ። «መድኃኒቱ ጠንከር ያለ ነው ብለውሻል እኮ» ይሉኛል፤ እኔም «ቅሪቱ እየወጣ ነው» እያልሁ እጽናናለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሠፈራችን አንድ አዛውንት አርፈው ለቅሶ ደረስሁ። ድንኳኑ ውስጥ ከሰው ጋር ተጨናንቄ ዋልሁ፤ ያለቀሰውን ሁሉ አቅፌ ሳምሁ። በማግሥቱ ሌሊት ብርድ ብርድ አለኝ። ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቶ ነበር። እናቴ ዝንጅብል አፍልታ ሰጠችኝ፤ ጋቢ ደራርባ አለበሰችኝ። «ብርድ ነው፤ ድንኳኑ ነው የመታሽ» አለች። እኔም እንደዚያው መሰለኝ። በበነጋው ቀትር ላይ ከአልጋ ስነሣ ወደቅሁ።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለኝ ወጣት ሐኪም ካርዴን ገልጦ እያነበበ «መድኃኒቱን ከወሰድሽ ስንት ቀን ሆነሽ?» አለኝ። «የቅሪቱን?» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝ። ቀጥሎ ወንድሜን አየው። «ትኩሳት ሲጀምርሽ በሰዓታት ውስጥ መምጣት እንዳለብሽ አልተነገረሽም?» አለኝ። መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም።

አሁን አውቀዋለሁ። ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዛን ሕዋስ ሁሉ ይመታል። ካንሰሩ በፍጥነት ይባዛል፤ ነገር ግን የጸጉር ሥርም፣ የአፍና የአንጀት ሽፋንም፣ ነጭ የደም ሕዋስ የሚመረትበት መቅኒም እንዲሁ በፍጥነት ይባዛሉ። መድኃኒቱ ጓደኛና ጠላት አይለይም። ስለዚህ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነጭ የደም ሕዋስ ወርዶ፣ ሰውነት ያለ ዘበኛ የሚቀርበት ጊዜ ይመጣል። በዚያ ጊዜ የሚመጣ ትኩሳት ጉንፋን አይደለም። ሳይውል ሳያድር በደም ሥር ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ካልተሰጠ ሊገድል ይችላል። ይህ ማስጠንቀቂያ ተነግሮ ነበር፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት፣ ለባለቤቴና ለወንድሜ። አንደኛው ክፍለ ሀገር ነበር፤ ሌላው ሥራ ላይ። ትኩሳቱ ያለው ደግሞ በእኔ ገላ ነበር። ያን ሌሊት ሊገድለኝ የነበረው ካንሰሩ አልነበረም፤ አለማወቄ ነበር።

*

እውነቱን የነገረኝ ሰው የለም። አነበብሁት። ከትኩሳቱ ካገገምሁ በኋላ ለሁለተኛው ዙር ስዘጋጅ ወንድሜ ከውጭ መድኃኒት ቤት የገዛቸውን መድኃኒቶች በፌስታል ይዞ መጣና ሲስተሯን ሊጠራ ወጣ። ካርቶኖቹን አገላበጥሁ። በአንደኛው ውስጥ ተጣጥፋ የተቀመጠች ቀጭን ወረቀት ነበረች። ፊደሎቿ ደቃቅ፣ ቋንቋዋ እንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ቃሉን አገኘሁት።

ቀድሞ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር። ለሦስት ሳምንታት ያህል እናቴ፣ ወንድሜ፣ ባለቤቴ፣ አክስቶቼ፣ ሲስተሮቹ ሁሉ የሚያውቁትን ነገር እኔ ሳላውቀው በመካከላቸው ስቄያለሁ። ስለሚመጣው ዓመት፣ ስለሚቀጥለው እርግዝና ሳወራ አድምጠውኛል። ቶልስቶይ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው «የኢቫን ኢሊች ሞት» ላይ ታማሚውን ከሕመሙ ይልቅ የሚያሠቃየው በዙሪያው ያሉት ሁሉ የሚዋሹት ውሸት ነው። ያን ታሪክ ተማሪ ሳለሁ አንብቤው ነበር። ያን ጊዜ ያዘንሁት ለሚሞተው ሰው ነበር፤ ለሚዋሸው ሰው ማዘን የጀመርሁት ገና ያን ቀን ነው።

ማታ ከእናቴ ጋር ብቻችንን ስንሆን ወረቀቷን አሳየኋት። ማንበብ አትችልም፤ ምን እንደሆነች ግን አወቀች። ብዙ ቆይታ «ልጄ፣ የደበቅሁሽ ትሞቻለሽ ብዬ አይደለም። ቃሉ ይገድልሻል ብዬ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አለቀስን። ክርክሩ ግን በለቅሶ አልተዘጋም። እናቴ የተናገረችው ከባድ ነገር ነው። ቃል ይገድላል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው፤ ስሙን ሲሰሙ ምግብ የተዉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ሰዎችን ስላዩ ነው የሚያምኑት። ይህን በደፈናው ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍ አይቻልም።

*

ስሙን ካወቅሁ በኋላ በክንዴ የሚገባው ነገር ምን እንደሆነ ማንበብ ጀመርሁ። የጋዜጠኝነት ትምህርት ያተረፈልኝ አንድ ልማድ አለ፤ የፈራሁትን ነገር ምንጩን እፈልጋለሁ። ምንጩ ያልጠበቅሁት ቦታ ወሰደኝ።

ከምወስዳቸው አምስት መድኃኒቶች አንዱ ሳይክሎፎስፋማይድ ይባላል። በ1950ዎቹ ጀርመን ውስጥ የተሠራ ሲሆን፣ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር የሰናፍጭ ጋዝ ከሚባለው መርዝ ይደርሳል። ይህ ስም ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በወገኖቻችን ላይ ያዘነቡት ይኸው መርዝ ነው። ቆዳ ያሳብጣል፣ ዓይን ያሳውራል፣ ሳንባ ያቃጥላል። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ያሉት ስለዚህ ግፍ ጭምር ነው። ሐኪሞች ይህ መርዝ ቆዳን ከማቃጠሉ ሌላ መቅኒን እንደሚያመክንና ነጭ የደም ሕዋስን እንደሚያጠፋ ካስተዋሉ ቆይተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 አሜሪካ ውስጥ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሉዊስ ጉድማንና አልፍሬድ ጊልማን የተባሉ ተመራማሪዎች ናይትሮጅን መስታርድ የተባለውን የመርዙን ዘመድ የሊምፍ ካንሰር ለያዘው ሰው በደም ሥሩ ሰጡት። እብጠቱ ሟሟ። ካንሰሩ ተመልሶ ሰውየው ቢሞትም፣ ኬሞቴራፒ የሚባለው ሕክምና ከዚያ ተጀመረ። ሥራው የጦር ምስጢር ስለነበረ እስከ 1946 ድረስ አልታተመም።

ይህን ሳነብ ክንዴን አየሁት። አያቶቻችንን ያቃጠለው መርዝ የልጅ ልጁ በቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ይገባል፤ እኔም «እንኳን መጣህ» እያልሁ እቀበለዋለሁ። መርዝን መድኃኒት የሚያደርገው ምንድን ነው? ከአምስት መቶ ዓመት በፊት የኖረው ፓራሴልሰስ ለዚህ መልስ ሰጥቷል፤ ልኩ ነው፣ መጠኑ ነው ብሏል። እውነት ነው። ግን መልሱ ሙሉ አይመስለኝም።

ሌላም ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2 ቀን 1943 የጀርመን አውሮፕላኖች ባሪ የተባለውን የኢጣልያ ወደብ ደበደቡ። ከተመቱት መርከቦች አንዷ፣ ጆን ሃርቪ የምትባለው የአሜሪካ መርከብ፣ በምስጢር የሰናፍጭ ጋዝ ቦምቦች ጭና ነበር። መርዙ በባሕሩ ላይ ከፈሰሰው ዘይት ጋር ተቀላቀለ። ከውኃው የወጡት መርከበኞች በዘይት የተነከረ ልብሳቸውን እንደለበሱ ብርድ ልብስ ተደርቦላቸው ተኙ፤ ሐኪሞቹ የሚያክሙት ምን እንደሆነ አልተነገራቸውምና። ልብሱን አውልቆ ገላን ማጠብ ብዙዎችን ሊረዳ ይችል ነበር። ከ600 በላይ ሰዎች በመርዙ ተጎድተው ከ80 በላይ የሚሆኑት ሞቱ። ከሞቱት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት የተገደሉት በመርዙ ብቻ አይደለም፤ በምስጢሩም ነው።

በዚያች ሌሊት እኔም የታመመ ገላዬን በጋቢ ደራርቤ ተኝቼ ነበር። በእኔ ቤት ምስጢሩን የጠበቀው የጦር አዛዥ ሳይሆን የሚወደኝ ሰው መሆኑ ትልቅ ልዩነት ነው። ትኩሳቱ ግን ይህን ልዩነት አላወቀም።

ስለዚህ እላለሁ፤ መርዝን መድኃኒት የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው መጠኑ ነው፤ ሁለተኛው የሚቀበለው ሰው ማወቁና መፍቀዱ ነው። በ1928 በሰማይ የመጣው ማንንም አልጠየቀም። በክንዴ የሚገባው ግን ሊጠይቀኝ ይገባ ነበር። ሳላውቅ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ዙርና አውቄ የወሰድሁት ሁለተኛው ዙር በኬሚስትሪ ረገድ ልዩነት የላቸውም። ለእኔ ግን በመጀመሪያው የተደረገብኝ ነገር ነበር፤ በሁለተኛው ያደረግሁት።

*

እስከዚህ ድረስ ራሴን ተበዳይ አድርጌ አቀረብሁ። የሚቀጥለውን ባልጽፈው እወድ ነበር።

ከአልጋዬ ፊት ለፊት ከገጠር የመጣች፣ ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ተኝታ ነበር። ሕመማችን አንድ ነው፤ ግሉኮሱ ላይ ከሚጻፈው አወቅሁ። እንደ እኔው ባሏ ተጠርቶ ተነግሮታል። እሷ የምታውቀው «ደም ማቆሚያ» እንደሚሰጣት ነው። በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ደሟ ቆመ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አጥልቃ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «እቴ፣ እኔስ ዳንሁ። እግዜር ይማርሽ» አለችኝ።

እኔ ያን ጊዜ ብዙ አንብቤያለሁ። ሚን ቺው ሊ የተባለውን በቻይና ተወልዶ አሜሪካ ይሠራ የነበረ ሐኪም ታሪክ አውቄአለሁ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሊ ከሮይ ኸርትዝ ጋር ሆኖ እንደ እኛ ያሉ ሴቶችን ሜቶትሬክሴት በተባለው መድኃኒት ማከም ጀመረ። ሳንባቸው ላይ የነበረው እብጠት ጠፋ። ባልደረቦቹ «ዳኑ፤ በቃ» ሲሉ ሊ የሴቶቹን ሆርሞን እያየ እምቢ አለ። ሆርሞኑ ዜሮ እስኪሆን ድረስ መርዙን መስጠቱን ቀጠለ። የዳነች በምትመስል ሴት ላይ መርዝ ይሰጣል ተብሎ ከሥራው ተባረረ። ኋላ ግን መድኃኒቱ በጊዜ የተቋረጠባቸው ሴቶች ካንሰሩ ተመለሰባቸው፤ የሊ ሴቶች ዳኑ። እ.ኤ.አ. በ1972 የላስከርን ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነ። ዛሬም ሆርሞኑ ዜሮ ከሆነ በኋላ እንኳ ጥቂት ዙሮች ይጨመራሉ። በዚህ ሕመም ላይ ዓይን የሚያየው መዳን መዳን አይደለም። ደም መቆሙ ምንም ማለት አይደለም። እስከ መጨረሻው ከተወሰደ ግን አብዛኞቹ ሴቶች ይድናሉ፤ ብዙዎቹም በኋላ መውለድ ይችላሉ።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ልጅቱም ከፊቴ ናት። ባሏ በአገልግል ምግብ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ምን አልኋት? «አሜን፤ አንቺንም ይማርሽ» አልኋት።

ለምን ዝም አልሁ? ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ብዙ ነው። የእኔ ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪሙ አለ፤ ባሏ አለ፤ ለምን ላስለቅሳት፤ መንገድ ላይ ያለች ልጅ ናት። ሁሉም የርኅራኄ ልብስ የለበሱ ምክንያቶች ናቸው። ከሥሩ ያለው ግን አንድ ነው፤ እንባዋን ማየት አልፈለግሁም። ከእሷ ሳይሆን ከራሴ ላይ ነበር ሸክሙን ያነሣሁት። የሦስተኛው ዙሯ ቀን ደረሰ። አልጋው ላይ ሌላ ሴት ተኛች። ሲስተሯን ጠየቅኋት፤ «አልመጣችም» አለችኝ። እኔ እውነቱን ያወቅሁት እንግሊዝኛ ማንበብ ስለቻልሁ ነው። እሷ አትችልም። እውነት ማንበብ ለሚችል ብቻ የሚደርስ ከሆነ፣ ምሕረቱ ለማን እንደተደረገ እንጃ።

ከዚያ ወዲህ በእናቴ ላይ ለመፍረድ አፌ አይደፍርም። ውሸቱ ግን ትክክል ነበር ማለቴ አይደለም። ለታማሚው ብለን የምንደብቀው የሚመስለን ነገር ስንቱ ለራሳችን ብለን የምንደብቀው እንደሆነ ማየቴ ነው።

*

«ባህላችን ነው» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። «እውነትን ፊት ለፊት መንገር የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ጋ አይሠራም።» ይህ ክርክር ሁለት ጉድለት አለበት።

አንደኛ፣ የፈረንጅም ጥንተ ባህል አይደለም። ለሂፖክራተስ ከሚሰጡት ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ ሐኪሙ ብዙውን ነገር ከታማሚው እንዲሰውር ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ ጥናት፣ በቺካጎ ከተጠየቁት 219 ሐኪሞች ወደ 90 ከመቶ የሚሆኑት ካንሰርን ለታማሚው አለመንገርን እንደሚመርጡ ገልጸው ነበር። በ1979 በታተመ ተመሳሳይ ጥናት ደግሞ 97 ከመቶ የሚሆኑት መንገርን መረጡ። ነገሩን የለወጠው ዘር ወይም ሃይማኖት አይደለም። ሕክምናው ተሻሻለ፤ የታማሚውን ተሳትፎ የሚሻ ሆነ፤ ሕሙማኑም ጠየቁ። ዝምታው የእነሱም ነበር፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ተዉት።

ሁለተኛው ጉድለት ይብሳል። ባህላችን መደበቅ ነው የሚለው ራሱ ትክክል አይደለም። ባህላችን መርዶ ነው።

ይህን ያሳየኝ ጸጉሬ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ትራሴ ላይ፣ ነጠላዬ ላይ፣ ምግቤ ውስጥ መርገፍ ጀመረ። እየተመላለጠ ከሚያስቀይመኝ ብዬ ተላጨሁት። ባገራችን ራሷን የተላጨች ወጣት ሴት ምን እንደምትመስል ማንም ያውቃል፤ ወይ መንናለች፣ ወይ ሰው ሞቶባታል። መስተዋት ፊት ቆሜ ሐዘንተኛ አየሁ። ነገሩ ተገላብጦ ታየኝ። ሌላው ሰው መርዶ ይነገረዋል፤ ከዚያ ጸጉሩን ይላጫል። እኔ ግን ጸጉሬ ሊረግፍ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ መርዶዬ ከእኔ በስተቀር ለሁሉም ተነግሮ ነበር።

መርዶ እንዴት ነው የሚነገረው? ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለዘመድና ለጎረቤት ነው። እውነት ነው፤ ባለ ሐዘኑ ሳያውቅ ሌላው ያውቃል፤ በዚህ የእኔ ቤተሰብ ያደረገውን ይመስላል። ነገር ግን ይህ መደበቅ አይደለም፤ መሰናዳት ነው። ማን ይንገር ይባላል። ልበ ደካማ ከሆነ ማን ይደግፈው ይባላል። ቤቱ የሚበላ አለው ወይ ይባላል። ከዚያ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል፣ ቀኑ ገና ሙሉ ሳለ፣ ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። ይነግሩታል። ከነገሩት በኋላ ደግሞ አይሄዱም፤ ከሱ ጋር ይቀመጣሉ፤ ያበሉታል፣ ያጠጡታል፣ ያስተኙታል። የመርዶ ጥበቡ በሦስት ነገር ላይ ቆሟል፤ ይነገራል፣ ብቻውን ሳለ አይነገርም፣ የነገረው ሰው ጥሎ አይሄድም። የልጇን ሞት ለዘለዓለም ሳትሰማ ትኑር የተባለች እናት የለችም። ያ ቢደረግ ነውር ነው።

እናቴ ለምን ቃሉን እንደፈራችው የነገረችኝም ስለዚህ ስናወራ ነው። ታናሽ ወንድሟ በደርግ ዘመን ሰሜን ግንባር ሞቷል። መርዶው ተሰናድቶ ሳይነገራት በፊት፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ቆማ ሳለ አንዲት ሴት የሰማች መስሏት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለቻት። እህሉን እዚያው ጥላ ብቻዋን እየጮኸች እስከ ቤቷ ሄደች። እናቴ የፈራችው እውነትን አይደለም፤ ብቻን መስማትን ነው። ግን ከዚያ ልታድነኝ ስትል ያንኑ አደረገችኝ። እኔም ብቻዬን ነው የሰማሁት፤ ከካርቶን ውስጥ፣ ከደቃቅ ፊደል።

በሌላ በኩል ያለውንም ስሕተት መዝለል አይገባም። ዛሬ «ለታማሚው መንገር ግዴታ ነው» ብለው የተማሩ ወጣት ሐኪሞች አሉ፤ ደግ አደረጉ። ነገር ግን ከበሩ ውጭ መቶ ሰው ተሰልፎ፣ ካርዱ ተገልጦ፣ ቃሉ በሁለት ደቂቃ ተወርውሮ «ቀጣይ!» ሲባልም አይቻለሁ። ይህም የወፍጮ ቤቷ ሴት ሥራ ነው። እውነቱን ተናግሮ መሄድና እውነቱን ደብቆ መቀመጥ ሁለት ጫፎች ናቸው። መርዶ መካከሉን ያውቃል፤ ተናግሮ መቀመጥ። ሐኪሙ ቢያንስ ሊጠይቅ ይችላል፦ «ስለ ሕመምሽ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ? ማን አብሮሽ ይሁን?» አልፈልግም የምትልም ትኖራለች፤ መብቷ ነው። ያ ምርጫ ግን ከእሷ አፍ ይውጣ፤ ሌላ ሰው አይምረጥላት።

አንድ ነገር መርሳት የለብንም። የእኔ መርዶ የሞት መርዶ አልነበረም። «ታመሻል፤ መድኃኒት አለው፤ መንገዱ ከባድ ነው፤ ልትድኚ ትችያለሽ» የሚል መርዶ ነበር። ሞትን እንኳ አሰናድቶ የሚነግር ሕዝብ ለመዳን የሚሆን መርዶ አጥቶ ዝም ማለቱ ይገርመኛል።

*

ስድስት ወር ታከምሁ። ሆርሞኑ ዜሮ ሆነ፤ ከዜሮ በኋላም ተጨማሪዎቹን ዙሮች ወሰድሁ። ባለቤቴና ወንድሜ ይቅርታ ጠየቁኝ፤ እኔም ይቅር አልኋቸው። ያቺን ልጅ ይቅርታ የምጠይቅበት አድራሻ የለኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት አንድም ለዚያ ነው።

አራተኛውን ዙር ጨርሼ ቤት ሳለሁ አንዲት ከሠፈር ከወጡ ቆየት ያሉ እናት ሊጠይቁን መጡ። ሻሼ ተንሸራቶ ራሴን አዩት። ደረታቸውን መታ አድርገው «ውይ ልጄን! ማን ሞተብሽ?» አሉኝ። እኔ መልስ ስፈልግ እናቴ ቡና የምትቀዳበትን ጀበና ረከቦቱ ላይ መለሰች። ያን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«ማንም አልሞተባትም» አለች። «ካንሰር ይዟት እየታከመች ነው። ሁለት ዙር ቀርቷታል። ቁጭ ይበሉ፤ ቡና ይጠጡ።»

ሴትዮዋ ቁጭ አሉ። እኔም ሻሼን መልሼ አላሰርሁትም።